ለአስጎብኚዎቻችንና ለበቅሎ ነጂዎች የምስጋና ቀን

ሰላም ለሁላችሁ የተራራ ጉዞ ቡድናችን አባላት፣

በስሜን ተራሮች የመሩንን አስጎብኚዎች፣ ስካውቶች (የታጠቁ የፓርኩ ጠባቂዎች) እና በቅሎ ነጂዎች እዚሁ ባሕር ዳር ጠርተን ልናመሰግናቸው ነው። ታኅሣሥ 2 የዓለም ተራሮች ቀን ነው። ከእሱ ቀጥሎ ባለው ቅዳሜ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት፣ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ሐይቁ ዳር እንገናኝ። ከደባርቅ አራት ሰዎች ይመጣሉ።

ባለፈው ዓመት ጨነቅ ካምፕ ላይ የሆነውን የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። ከ1,800 ሜትር ከተማ ወጥተን 3,600 ሜትር ላይ ስናድር ራሴን ፈለጠኝ፤ አስመለሰኝ። እኔ "ድካም ነው" እላለሁ። አስጎብኚያችን ግን አንዴ አይቶኝ "ውረድ፣ አሁኑኑ" አለ። የከፍታ ሕመም ዋናው መድኃኒት መውረድ ነው። በሌሊት፣ በዚያ ብርድ፣ በበቅሎ አወረዱኝ። እዚያ አምቡላንሱ በቅሎ ነው።

ስጦታውን በተመለከተ፦ የምስክር ወረቀት የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ወረቀት ግን አያሞቅም። የእኔ ሐሳብ ለእያንዳንዳቸው ጋቢና ጥሩ ራስ ላይ የሚታሰር ባትሪ ነው። የተሻለ ያለው ይናገር፤ እስከ ረቡዕ ማታ እንወስን።

መዋጮው በሰው 400 ብር ነው፤ የእንግዶቹ ትራንስፖርትና አልጋ እዚያው ውስጥ አለ። ተማሪዎች የቻላችሁትን። የጉዞ ፎቶ ያላችሁ አሳትማችሁ አምጡ፣ በስልክ ብቻ አይሁን፤ ይዘውት ይሄዳሉ። ቡና የምታፈላ እህት ወይም ወንድምም እንፈልጋለን።

የምትመጡ "አለሁ" ብላችሁ እዚሁ ጻፉ። የማይመቻችሁም አሳውቁን።