የኅዳር ዝናባችን ያለ ወቅቱ የመጣ አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ባለፈው ሳምንት ስለ አገሪቱ የአየር ሁኔታ ባወጣችሁት ዘገባ ላይ «በቦረና፣ በጉጂና በሶማሌ ክልል አንዳንድ አካባቢዎች ያለ ወቅቱ የጣለው ዝናብ በደረሰ ሰብል ላይ ጉዳት እንዳያስከትል ተሰግቷል» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። የቀረውን ሁሉ አልፌዋለሁ። በደብረ ብርሃንና በአካባቢው ሌሊቱ ውርጭ ነው ማለታችሁ ልክ ነው፤ የደጋው ገበሬ ሰብሉን ቶሎ ይሰብስብ ማለታችሁም ተገቢ ነው። ስለ እኛ የጻፋችሁት ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስህተት ነው።

ኅዳር ለቦረና የዝናብ ጊዜ ነው። ዘንድሮ የተፈጠረ ነገር አይደለም። ከመስከረም መገባደጃ ጀምሮ እስከ ኅዳር የሚጥለውን ዝናብ አያቶቻችን ሐጋያ ብለው ሲጠብቁት ኖረዋል፤ ሶማሌዎቹ ጎረቤቶቻችን ዴይር ይሉታል። ዋናው ዝናባችን ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው ሲሆን ሁለተኛው ይኸው ነው። ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ አዲስ አበባ በዝናብ ስትርስ ያቤሎ ላይ የሚታየው ብርድና ዝናብ የማይወጣው ደመና ነው። ይህን ለማወቅ እዚህ ድረስ መምጣት አያስፈልግም። የኢትዮጵያ ሜትዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ከጥቅምት እስከ ጥር ስላለው የበጋ ወቅት ሲናገር፣ ይኸው ወቅት ለደቡብና ለደቡብ ምሥራቅ ቆላማ አካባቢዎች ሁለተኛው የዝናብ ወቅት መሆኑን ይገልጻል። በየዓመቱ የሚነገር ነገር ነው። ዘጋቢያችሁ ይህን ሳያይ ነው ስለ አገሪቱ የአየር ሁኔታ የጻፈው? ወይስ አይቶ እኛ ጋ ሲደርስ ዘለለው?

ምክንያቱም ቢሆን የተሰወረ አይደለም። ፀሐይ ወደ ደቡብ ስታዘነብል የዝናቡ መቀነት ይከተላታል። በሐምሌ ሰሜኑን ሲያዘንብ የከረመው ሥርዓት በጥቅምትና በኅዳር በእኛ ላይ አልፎ ወደ ኬንያ ይወርዳል፤ ከህንድ ውቅያኖስ የሚነሳው እርጥበትም ያኔ ይደርሰናል። የጎጃም ሰማይ የሚጠራውና የቦረና ሰማይ የሚጠቁረው በአንድ ምክንያት፣ በአንድ ሳምንት ነው።

የሰሜኑን ገበሬ ጭንቀት አላቃልልም። ታጭዶ ያልተከመረ ጤፍ በኅዳር ዝናብ ቢመታ የዓመት ልፋት ይበላሻል፤ ይህ እንዲነገርለት ይገባል። እኛ ግን በዚህ ወር የምንጠብቀው ነዶ አይደለም። የምንጠብቀው ሐሮው፣ ማለትም የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበት ኩሬ፣ እንዲሞላ፣ ሣሩ እንዲያቆጠቁጥ፣ ከመንደር የራቀው የፎራ ከብት ውሃ እንዲያገኝ፣ ቤት የቀረችው ላም ጥጃዋን ጠግባ እንድታጠባ ነው። ሐጋያ በደንብ ሲጥል የቱላ ኤላ የምንላቸው ጥልቅ የውሃ ጉድጓዶች ያርፋሉ። ከጥልቅ ጉድጓድ ወጣቶች እላይ በላይ ተደራርበው ቆመው፣ እየዘፈኑ ውሃ በእጅ ሲያቀባብሉ ለፎቶግራፍ ትወዷቸዋላችሁ፤ በእነዚያ ወጣቶች ክንድ ላይ ያለውን ድካም የሚያቀልለው ግን እናንተ ስጋት ያላችሁት ዝናብ ነው። የሚያርሱትም ቢሆኑ በቆሎና ቦሎቄ የሚዘሩት ይህንኑ ጠብቀው ነው። ገና ለዘራ ሰው «የደረሰ ሰብልህን ሰብስብ» ይባላል?

ዘገባው ከወጣ በኋላ አዲስ አበባ ያለች እህቴ ደንግጣ ደወለችልኝ፤ ምን ዓይነት መዓት እንደ ወረደብን ነበር የምትጠይቀኝ። ከብት ሊገዛ ሊመጣ የነበረ ነጋዴም «ነገሩ ይረጋጋ» ብሎ ቀረ። የሚረጋጋ ነገር አልነበረም። እዚህ ሰው ለዝናቡ ፈጣሪውን እያመሰገነ ነበር።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ግን ለእህቴ ድንጋጤ ብዬ አይደለም። ከ2013 ዓ.ም. ሐጋያ እስከ 2015 ዓ.ም. ሐጋያ ድረስ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሽፈውብናል። ከአምስቱ ሦስቱ የሐጋያ ወቅቶች ነበሩ። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት አልፎ ኅዳር ሲጋመስ ሰማዩ እንደ ነደደ ነበር። ያኔ ስሙን ወደማልጠቅሰው አንድ የዜና ክፍል ደውዬ «ዝናቡ ቀረብን፣ ከብቱ እየከሳ ነው» ብዬ ነበር። ስልኩን ያነሳው ሰው የመለሰልኝን አልረሳውም፦ «በጋ አይደል እንዴ ጋሼ፤ ቢደርቅ ምን ይገርማል?» ካሜራ የመጣው ሬሳ መንገድ ዳር ከተከመረ፣ ሰው ከብቱን ጨርሶ ዱብሉቅ መጠለያ ከገባ በኋላ ነው። የኔ ቤተሰብም ጥጃ ሳያስቀር የቀበረው በዚያን ጊዜ ነው።

የእናንተ ዓረፍተ ነገር ያስቆጣኝ ለዚህ ነው። የኅዳር ዝናብ ለቦረና እንግዳ ነው ብሎ የሚያምን ጋዜጠኛ፣ በኅዳር ዝናብ ሲጠፋ ዜና መሆኑን ከየት ያውቀዋል? ሲመጣ ጥፋት አድርጎ ይጽፈዋል፤ ሲቀር ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ያልፈዋል። በሁለቱም መንገድ ተጎጂው እኛ ነን።

ዝናቡ አደጋ የለውም አላልኩም። በ2016 ዓ.ም. ኅዳር ከኤልኒኞና ከህንድ ውቅያኖስ መሞቅ ጋር ተያይዞ በሶማሌ ክልል ወንዞች ሞልተው ሕዝብ አፈናቅለዋል፤ ሰውም ሞቷል። በድርቅ የከሳ ፍየልም ድንገተኛ ዝናብና ብርድ ሲያገኘው አያድርም። እነዚህን ጻፉ፤ እናነባለን። ዱብሉቅ ዘንቦ ተልተሌ ደርቆ ማደሩን ጻፉ፤ እረኛው ከብቱን ወዴት እንደሚነዳ የሚወስነው በዚህ ነውና። ከዘገባችሁ ውስጥ ይህ አንዱም የለም።

ስለዚህ ማረሚያ እንድታወጡ እጠይቃለሁ፤ ዘገባው በወጣበት ቦታና በዚያው የፊደል መጠን። በሚቀጥለው ሳምንታዊ ዘገባም በያቤሎ፣ በሞያሌና በነገሌ ስንት ሚሊ ሜትር እንደ ዘነበ፣ ወቅቱ ከሚጠበቀው በላይ ይሁን በታች ከሜትዎሮሎጂ ባለሙያ ጠይቃችሁ አስፍሩልን። ታኅሣሥ ሲገባ ሐጋያው ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ እስከ መጋቢት የምንጠብቀው ሌላ ዝናብ የለንም። ማረሚያው ከዚያ በፊት ይውጣልን።

አንባቢያችሁ፣
ከያቤሎ፣ ቦረና