የኤሌክትሮኒክስና ሙዚቃ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

በቱሉ ዲምቱ የሚገኘው የትምህርት ቤታችን የኤሌክትሮኒክስና ሙዚቃ ክበብ ዓመቱን ሙሉ የያዘው አንድ ሥራ ነበር፤ ይኸውም ለሞጁላር ሲንተሳይዘር (ሞጁል ከሚባሉ የተለያዩ ክፍሎች ለሚገጣጠም ድምፅ ፈጣሪ የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ) የሚያገለግል፣ በኤፍ ኤም ዘዴ፣ ማለትም የአንዱን ሞገድ ድግግሞሽ በሌላ ሞገድ በመለዋወጥ፣ ድምፅ የሚፈጥር ዲጂታል ሞጁል መሥራት ነው።

ኤፍ ኤም ሲባል ተማሪዎቹ በመጀመሪያ ያሰቡት ሬዲዮን ነው፤ አልተሳሳቱም። ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 ሲያሰራጭ የጋዜጠኛው ድምፅ የተሸካሚውን ሞገድ ድግግሞሽ ከፍና ዝቅ ያደርገዋል። አሜሪካዊው የሙዚቃ አቀናባሪ ጆን ቾውኒንግ እ.ኤ.አ. በ1967 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የደረሰበት ነገር ደግሞ ተሸካሚውም ለዋጩም (የተሸካሚውን ድግግሞሽ የሚለዋውጠው) ሞገድ ጆሮ በሚሰማው ክልል ውስጥ ሲሆኑ ከሁለት ተራ ሳይን ሞገዶች እጅግ የበለጸገ ድምፅ እንደሚገኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው የያማሃ ዲኤክስ 7 ሲንተሳይዘር የተሠራው በዚሁ ዘዴ ነው።

ለሞጁሉ የመረጥነው ራስፕቤሪ ፓይ ፒኮ የተባለ ትንሽ የኮምፒውተር ሰሌዳ ርካሽ ቢሆንም የአስርዮሽ ቁጥር ለማስላት የተለየ ክፍል ስለሌለው፣ የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች የ1024 ነጥቦችን ሳይን አስቀድመው አስልተው በሠንጠረዥ አስቀመጡለት። ትሪጎኖሜትሪ ምን ይሠራል ብሎ የሚጠይቀኝ ተማሪ ከዚያ ወዲህ አላጋጠመኝም።

በኅዳር ወር የኃይል ማስተላለፊያው ሪባን ገመድ ተገልብጦ በመሰካቱ ሰሌዳው ተቃጠለ። ቀዩ መስመር የ12 ቮልት ኔጌቲቩን ጎን እንደሚያመለክት አስተምሬ ነበር፤ ሆኖም ከማብራታችን በፊት ማየት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ሌላ ከመርካቶ ገዝተን፣ በሁለተኛው ላይ ተገላቢጦሹን የሚያግዱ ዳዮዶች ጨመርን።

ከሁሉም የማይረሳኝ ተሸካሚውን በ200፣ ለዋጩን በ280 ኸርዝ ያደረግንበት ከሰዓት በኋላ ነው። ሁለቱ እኩል 200 በነበሩ ጊዜ የሚወጡት 400ና 600 የ200 ብዜቶች በመሆናቸው ድምፁ የጡሩምባ ዓይነት ነበር፤ አሁን ግን ብዜት ያልሆኑት 80፣ 360፣ 480ና 760 ኸርዝ ተቀላቀሉበት። የለዋጩን ጉልበት በ15 ሰከንድ ውስጥ ቀስ በቀስ ስናወርደው ክፍሉ በደወል ድምፅ ተሞላ፤ ድምፁ ጨርሶ እስኪጠፋ ድረስም አንድም ተማሪ አልተነፈሰም። አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ሰፈሯ ካለው ቤተ ክርስቲያን ደወል ጋር አመሳሰለችው።

በሞጁላር ሲንተሳይዘር 1 ቮልት አንድ ኦክታቭ (ድግግሞሹ እጥፍ የሚሆንበት፣ 12 ግማሽ ድምፆች ያሉት ርቀት) ስለሆነ አንዱ ግማሽ ድምፅ 83.3 ሚሊቮልት ይሆናል። በዚህ ስሌት ለትዝታ ሜጀር ቅኝት 0፣ 0.167፣ 0.333፣ 0.583ና 0.750 ቮልት ሰጠነው። ክራር የሚጫወተው አባላችን ግን ሦስተኛው ድምፅ ጆሮውን እንደሚቆረቁረው አጥብቆ ተናገረ፤ ክራሩን አምጥቶ፣ አውታሩን ቃኝቶ፣ ከሞጁሉ ጋር እያነጻጸረ ወደ 0.322 አወረደው። ትክክል ነበር፤ እኔም ስሰማው ገባኝ።

ሞጁሉ በወላጆች ቀን ከክራሩ ጋር አብሮ ተሰምቷል። አሁን የተስተካከለው የቮልት ሠንጠረዥ በክዳኑ ላይ ተለጥፎበት በፊዚክስ ላቦራቶሪ ቁም ሣጥን ውስጥ ይገኛል፤ የባቲና የአንቺሆዬ ዓምዶች ገና ባዶ ናቸው።