እማዬ፣ ሦስት ቋንቋ ይዘሽ ቤት አትዋዪ

ውድ እናቴ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? ጉልበትሽስ? እኛ እዚህ አዲስ አበባ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የድሬን ሙቀት አልጠይቅሽም፤ መልሱን አውቀዋለሁ።

ባለፈው በስልክ ያልሽኝ ነገር ከሐሳቤ አልወጣ አለ። "ቀኑ አልመሽ እያለኝ ተቸገርኩ" አልሽኝ። በጎ ፈቃድ ሥሪ ስልሽ ደግሞ ሳቅሽብኝ። "እሱ የወጣት ነው፤ እኔን ማን ይፈልገኛል?" አልሽ።

አልፈርድብሽም። እኛ አገር በጎ ፈቃድ ሲባል የሚታየን ክረምት ላይ ቲሸርት የለበሱ ልጆች የአንዲት አሮጊት ጣራ ሲቀይሩ ነው። አሮጊቷ በር ላይ ተቀምጣ ትመርቃለች። ሥራው ጥሩ ነው፤ ጣራው ሲያፈስበት የከረመ ሰው ያውቀዋል። ግን ወጣት ሁሌ ረጂ፣ ሽማግሌ ሁሌ ተረጂ ሆኖ ቀረ። አንቺን በር ላይ ተቀምጠሽ ላስብሽ ብሞክር አልሆንልኝ አለ። ለቅሶ ቤት ድንኳኑ ሳይተከል ድስት የምትጥጂ ሴት ነሽ እኮ!

ያሰብኩልሽ ሥራ ጤና ጣቢያ ማስተርጎም ነው። አማርኛውንም ኦሮምኛውንም ሶማልኛውንም እንደ ውሃ ነው የምትጠጪው። መጋላ ተወልዶ ላደገ ሰው ይሄ ብርቅ አይደለም፤ ቀፊራ ገበያ ሽንኩርት ስትገዢ እንኳ በአንድ ትንፋሽ ሦስቱን ትቀያይሪያለሽ። ከሌላ አካባቢ ተመድቦ ለመጣ ነርስ ግን ከባድ ነው። "የት ጋ ነው ያመመሽ?" ማለቱን ይለምዳል፤ መልሱን መስማት ላይ ይቸገራል።

አንዴ ተራ ስጠብቅ ያየሁትን ልንገርሽ። ከገጠር የመጡ አንዲት ሴትዮ የልጅ ልጃቸውን ይዘው ገቡ። ልጅቱ ዘጠኝ ዓመት ቢሆናት ነው፤ አስተርጓሚዋ እሷ ነች። ነርሷ ስለ ማሕፀን ጠየቀቻቸው። ልጅቱ አፈረች፤ ሴትዮዋ ደግሞ ከልጅቱ የባሰ አፈሩ። ከዚያ "ራሴን ነው" አሉና ማስታገሻ ተቀብለው ወጡ። ያን ሁሉ መንገድ ለራስ ምታት የመጡ አይመስለኝም። አንቺ አጠገባቸው ብትሆኚ፣ "አካም ጅርታ" ብለሽ እጃቸውን ብትይዢ፣ የልባቸውን ይነግሩሽ ነበር።

ግን እማዬ፣ ጠባይሽን ስለማውቅ ሁለት ነገር ላስቸግርሽ። ያሉትን እንዳሉት ነው የምታስተላልፊው። "ዳማከሴ ጠጪበት" የሚለውን ምክርሽን ለቤት አቆዪው። ሁለተኛው፣ እዚያ የሰማሽው እዚያው ይቅር። ቡና ላይ ስም ሳትጠሪም ብታወሪው ሰው ያውቃል፤ ሰፈሩ ጠባብ ነው።

ሌላው የውሃ በርሜል ነገር ነው። ድሬ ውሃ ስለሚጠፋ በርሜል የሌለው ግቢ የለም። 2006 ላይ የዴንጊ ትኩሳት ገባ፤ በ2011 ክረምት ደግሞ ቺኩንጉንያ ስንቱን አልጋ ላይ ጣለው። ያኔ ጣትሽን ማጠፍ አቅቶሽ እንጀራ እንኳ መቁረስ ተቸግረሽ ነበር። ሁለቱንም የምታስተላልፈው ትንኝ ቀን ነው የምትናከሰው፤ የምትራባውም እኛ ለመጠጥ ባጠራቀምነው ንጹሕ ውሃ ውስጥ ነው። እንቁላሏ የበርሜሉ ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ውሃው ቢደርቅም አይሞትም። ስለዚህ መድፋት ብቻ አይበቃም፤ በሳምንት አንዴ ውስጡን ፈትጎ ማጠብና መክደን ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ይህን ስትናገር ሰው "እሺ" ብሎ ይሸኛታል። አንቺ "በርሜልሽን ክደኚ" ብለሽ እምቢ የምትልሽ ጎረቤት ግን አላውቅም።

የእድር ገንዘብ ያዥ ሁኚ ብለውሽ እንደነበር ሰምቻለሁ። እሱ ይቅርብሽ። የአርባ ዓመት ጎረቤት በመዋጮ ምክንያት ሲኮራረፍ አይተናል። የንባብ ትምህርት ለሰፈር ልጆች የሚለውም አይከፋም፤ ግን ልጅ ማሳደድ ጉልበት ይጠይቃል።

ማስተርጎሙን ከያዝሽ በሳምንት ሁለት ጠዋት ይበቃል፤ ከሁለት እስከ አምስት ሰዓት። ከዚያ በኋላ ፀሐይዋ ሰው አታስቆምም። የግፊት ኪኒንሽን ሳትውጪ እንዳትወጪ። ሳል ስለሚበዛ ማስክ አድርጊ። የባጃጁን እኔ እልካለሁ፤ በነፃ እየሠራሽ ከጡረታሽ መቀነስ የለብሽም። መጀመሪያ ቀን ስትሄጂ ለኃላፊዋ "ምን ላግዝ?" አትበያት፤ ለማሰብ ጊዜ የላትም። "ሦስት ቋንቋ እችላለሁ፤ ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ካርድ ክፍሉ አጠገብ እቀመጣለሁ" በያት። ድካም ከተሰማሽ ደግሞ ይሉኝታ ሳይዝሽ ተነስተሽ ሂጂ። ደመወዝ የለውም፤ የሚቆጣሽም የለም።

እሑድ እደውላለሁ፤ ኃላፊዋ ያለችሽን ትነግሪኛለሽ። እምቢ ካሉሽ የበርሜሉን ሥራ ማንም አይከለክልሽም። ግን ሰው ቤት ከመሄድሽ በፊት ከኩሽናው ጀርባ ላለው ሰማያዊ በርሜል ክዳን ግዢለት። ከተሰበረ ስንት ጊዜው!

የምትወድሽ ልጅሽ