የአለትና የማዕድን ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ክበባችን ዘንድሮ ሥራውን የጀመረው ከሦስተኛና ከአራተኛ ክፍል የተመዘገቡት አባላት ለቅመው ባመጡት ድንጋይ ነው። የእያንዳንዱ ልጅ የመጀመሪያ ጥያቄ «የዚህ ስሙ ማን ነው?» የሚል ስለነበር፣ እኔም የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ስም እየነገርኩ አሳለፍኩ። ልጆቹ ግን ስሙን እንደሰሙ ድንጋዩን አስቀምጠው ሌላ ያነሱ ነበር። ስሙ መመልከታቸውን እንደሚያቋርጠው ስረዳ፣ ከዚያ ወዲህ ማንኛውም ድንጋይ ሳይመረመር ስም እንዳይሰጠው ወሰንን።

አለትና ማዕድን አንድ አለመሆናቸውን ለማስተማር ከግራናይት የተሻለ አላገኘሁም። ልጆቹ በአጉሊ መነጽር ሲያዩት መስታወት የሚመስለውን ኳርትዝ፣ ነጣ ወይም ቀላ ያለውን ፌልድስፓርና የሚያብረቀርቀውን ጥቁር ማይካ ለየብቻ ጠቆሙ፤ አብዛኛው አለት የማዕድናት ስብስብ መሆኑን ከዚያ በኋላ መድገም አላስፈለገኝም። የባዛልት ቅንጣቶች ግን በዓይን ስለማይለዩ «ይኼ አንድ ነገር ብቻ ነው» ብለው ተከራከሩ። ሁለቱም ከቅልጥ አለት የተፈጠሩ ሲሆኑ፣ የቅንጣቶቻቸው መጠን የተለያየው ግራናይት ከመሬት በታች በዝግታ፣ ባዛልት ግን አብዛኛውን ጊዜ በምድር ገጽ ላይ በፍጥነት ስለሚቀዘቅዝ ነው። ይህን እንዲያዩት ጨው በብዛት የሟሟበትን ውሃ በዕቃዎች ከፍለን፣ ግማሹን ፀሐይ ላይ፣ ግማሹን ጥላ ውስጥ አስቀመጥን። ጨው የሚረጋው ውሃው ሲተን እንጂ ሲቀዘቅዝ ባይሆንም፣ ጊዜ ያገኘ ክሪስታል እንደሚተልቅ በጥላው ዕቃ ውስጥ ያደጉት ባለ ስድስት ገጽ ቅንጣቶች በግልጽ አሳይተዋል።

የዓመቱን ሰፊ ጊዜ የወሰደው የጥንካሬ ፍተሻ ነበር። የተጠቀምነው ጀርመናዊው የማዕድን ተመራማሪ ፍሪድሪክ ሞስ እ.ኤ.አ. በ1812 ባዘጋጀው መለኪያ ሲሆን፣ ይኸውም ጠንካራው ለስላሳውን ይጭራል በሚል ከሁሉም ለስላሳ ከሆነው ማዕድን ከታልክ 1 ተነሥቶ እስከ አልማዝ 10 ይደርሳል። የጣት ጥፍር 2.5፣ የመስኮት መስታወት ደግሞ 5.5 ገደማ ስለሚሆን፣ ብዙ ወጪ ሳይጠይቅ ለልጆች የሚመች ፍተሻ ነው። የደረጃዎቹን ጠባይ በሩጫ ውጤት አስረዳኋቸው፤ ማን እንደቀደመ ይነግሩናል እንጂ በምን ያህል እንደራቀ አይነግሩንም።

አንድ ቀን ሁለት ልጆች ነጭ ድንጋይ ይዘው ተጣሉ። አንደኛዋ ኳርትዝ ነው ስትል፣ ለማስረጃም መስታወት ላይ ያሰመረችውን ነጭ መስመር አሳየች፤ እኔም መስመሩን አይቼ ተስማማሁ። ሌላኛው ግን አላመነምና መስታወቱን በእርጥብ ጨርቅ ጠረገው፤ መስመሩም ጠፋ። መስታወቱ አልተጫረም ነበር፤ የታየው ከድንጋዩ የረገፈ ዱቄት ነበር። ድንጋዩ ላይ ኮምጣጤ ብናንጠባጥብበት ጥቃቅን አረፋ አወጣ። ጥንካሬው 3 የሆነው ካልሳይት መሆኑን ያወቅነው በዚህ መንገድ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በክበባችን ሳይጠረግ የሚመዘገብ ጭረት የለም።

ቀለም እንደሚያሳስት ያስተማረን ሄማታይት ነው። መልኩ ግራጫ ሆኖ ሳለ፣ ባልተለበጠ የሴራሚክ ንጣፍ ላይ ሲፋቅ ቀይ ቡናማ ዱቄት ይተዋል። ልጆቹ ይህን ደጋግመው መሞከር አልሰለቻቸውም፤ እኔም አላስቆምኳቸውም። ስለ ደለል አለቶችና በሙቀትና በግፊት ስለተለወጡት፣ ለምሳሌ ከኖራ ድንጋይ ስለሚገኘው እብነ በረድ፣ ያጠናነው በአጭሩ ስለሆነ በመጪው ዓመት ቅድሚያ ይሰጠዋል።

በክበቡ መደርደሪያ ላይ አሁን ስማቸው የተጻፈላቸው ድንጋዮች ተደርድረዋል። በጫፍ ላይ ያለው ሐምራዊ ድንጋይ ግን ገና ስም የለውም። ልጆቹ በራሳቸው እጅ ጽፈው የለጠፉበት ወረቀት እንዲህ ይላል፦ «ጥፍር አይጭረውም። መስታወት አይጭርም፤ ጠርገን አይተናል። ዱቄቱ ነጭ ነው። በኮምጣጤ አረፋ አላወጣም። ምርመራው አላለቀም።»