መርፌሽ ዋሽንግተን ዋለች

ይድረስ ለውድ እናቴ፣

ለጤናሽ እንዴት ሰነበትሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለብኝ ነገር የለም።

ቅዳሜ ማታ በቴሌግራም የላክኩልሽን ፎቶ አይተሽ በድምፅ መልሰሽልኝ ነበር። «ልጄ፣ ይቺ ቀይ የለበሰችው ማናት? የምን በዓል ነው? አንቺስ መሬት ላይ ተንበርክከሽ ምን ትሠሪያለሽ?» አልሽኝ። እኔም «በኋላ እነግርሻለሁ» ብዬ አለፍኩት። ነገሩ በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ ነው። ይኸው ቁጭ ብዬ ጻፍኩልሽ። ዓይንሽን እንዳያስቸግርሽ ፊደሉን አተልቄዋለሁ። ከደከመሽ ደግሞ የወንድሜ ልጅ ታንብብልሽ።

ፎቶው የተነሳው እዚህ ዋሽንግተን ዲሲ፣ መሀል ከተማ ባለው ትልቁ የስብሰባ ማዕከል ውስጥ ነው። በየዓመቱ «ኦሰም ኮን» የሚባል ዝግጅት ይደረግበታል። እ.ኤ.አ. በ2013 ነው የተጀመረው። የኮሚክ መጽሐፍ ወዳጆች ከዓርብ እስከ እሁድ እዚያ ይሰባሰባሉ፣ ብዙዎቹም የታሪኮቹን ጀግኖች መስለው ይለብሳሉ። ኮሚክ ማለት በሥዕል የሚተረክ ታሪክ ነው። ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ያለውን የንግሥተ ሳባን ሥዕል አስቢው። በትንንሽ ሳጥን ተከፋፍሎ፣ ከላይ ጀምሮ እየተነበበ የሚወርደውን። ንግሥቲቱ ስትነሳ፣ ሰሎሞን ዘንድ ስትደርስ፣ ምኒልክ ሲወለድ። ኮሚክም እንደዚያው ነው። እዚህ ንግግሩ ከሰዎቹ አፍ አጠገብ በነጭ ክብ ውስጥ ይጻፋል፣ ሌላው ያው ነው።

እኔ የለየልኝ ወዳጅ አይደለሁም። ፊልሙ ሲወጣ አያለሁ፣ ያንንም ከጓደኛ ጋር ከሆነ ነው። የሥራ ባልደረባዬ ግን ከልጅነቷ ጀምሮ የምትሰበስብ ናት። እህቷ መምጣት ስላልቻለች የተረፈውን ትኬት ለእኔ ሰጠችኝ። ቅዳሜ እረፍቴ ነበርና ሄድኩ።

ገና ሜትሮው ውስጥ ነው የተጀመረው። በየጣቢያው ሰው ሲገባ አንዱ ካባ ለብሷል፣ ሌላዋ ክንፍ አድርጋለች። ከፊት ለፊቴ አንድ የአምስት ዓመት የሚሆን ልጅ የስፓይደርማን ልብስ ለብሶ አባቱ ጭን ላይ ተቀምጧል። ወንድሜ ትዝ አለኝ። ነሐሴ ሲመጣ የሰፈሩ ዩኒፎርም ሁሉ ቤታችን ይከመር አልነበር? ከዚያ ከተረፈው ሰማያዊ ጨርቅ ካባ ስፊልኝ ብሎ ስንት ቀን አለቀሰብሽ። በመጨረሻ ሰፋሽለት። አንገቱ ላይ ያለውን ማሰሪያ ግን በሁለት ልል ስፌት ብቻ ያዝሽው። «ለምን አታጠብቂውም?» ብዬ ስጠይቅሽ «አጥር ላይ ቢይዘው ይበጠስ፣ ልጄን እንዳያንቀው» ነበር ያልሽኝ። ያንን ቀን ሙሉ በሙሉ ረስቼው ነበር። አዳራሹ ውስጥ የልጆች ካባ የሚሸጥበት ቦታ ደርሼ አንዱን ሳነሳው፣ አንገቱ ላይ እንደ ልጆች ጫማ በሚጣበቅ ማያያዣ ነው የተያዘው። ትንሽ ስስበው ለቀቀ። ማንም ሳይነግርሽ ነው ያወቅሽው።

በሩ ላይ የፕላስቲክ ጎራዴና ጦር የያዘ ሁሉ ይፈተሻል። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ፈቃድ ጠይቁ የሚል ማሳሰቢያም ተለጥፏል። ይሄ ደስ አለኝ። የለበሰው ሰው ዕቃ አይደለም፣ ሰላም ተብሎ ነው የሚጠየቀው። ባልደረባዬ የአንድ ተዋናይ ፊርማ ለማግኘት ሰልፍ ያዘች። ሰልፉ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ፈጀባት። እኔ ብቻዬን መዞር ጀመርኩ።

መጀመሪያ የቆምኩት አሮጌ መጽሔት የሚሸጡ ሽማግሌ ጋ ነው። ረጃጅም የካርቶን ሳጥኖች ደርድረዋል። እያንዳንዱ መጽሔት በላስቲክ ገብቶ ከጀርባው ደረቅ ወረቀት ተደርጎለታል። ሰው በሁለት ጣት ብቻ እየገለበጠ ያያል። አንቺ የሙሽራ ቀሚስ ስትነኪ እንደምትጠነቀቂው ማለት ነው። ወሬ ጀመርን። ከየት እንደሆንኩ ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው። እናቴ ልብስ ሰፊ ናት ስላቸው ያገላብጡት የነበረውን መጽሔት አስቀመጡና በጣታቸው እየቆጠሩ ነገሩኝ። ቤት ገብቼ አንብቤ አረጋግጫለሁ፣ እንዳሉት ነው።

ሱፐርማንን፣ ካባ ለብሶ የሚበረውን የኮሚክ ጀግና፣ የፈጠሩት ሁለት ልጆች ናቸው። ጄሪ ሲግል ይጽፋል፣ ጆ ሹስተር ይሥላል። የሁለቱም ወላጆች ከአውሮፓ ተሰድደው የመጡ አይሁዳውያን ናቸው፣ ልጆቹ ክሊቭላንድ የሚባል ከተማ ነው የተገናኙት። የሁለቱም አባት ልብስ ሰፊ ነበር። ስታን ሊ እና ጃክ ከርቢም አሉ። ብላክ ፓንተር የሚባለውን አፍሪካዊ ንጉሥ እ.ኤ.አ. በ1966 ያወጡት እነሱ ናቸው። የስታን ሊ አባት የቀሚስ ጨርቅ ቆራጭ ነበር። የከርቢ አባት ደግሞ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራ ነበር። አራቱም የመርፌና የመቀስ ቤት ልጆች ናቸው እማዬ! እዚያው ሳጥኑ አጠገብ ቆሜ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ሰው ሁሉ ስለ ጉልበትና ስለ መብረር የሚያወራበት ቦታ ቆሜ የአንቺ የስፌት መኪና ድምፅ ነው የተሰማኝ። እነዚያ ልጆች ማታ ሲሥሉ ከጎናቸው እንደዚያ ያለ ድምፅ ይኖር ነበር ብዬ አሰብኩ።

የሱፐርማን የመጀመሪያው መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1938 ሲወጣ ዋጋው 10 ሳንቲም ነበር። በ2024 አንዱ ቅጂ በ6 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። ልጆቹ ግን ሙሉ መብቱን የሸጡት በ130 ዶላር ነው። ጆ ሹስተር ሲያረጅ ዓይኑ ደከመ፣ ኑሮውም ከፋ። እ.ኤ.አ. በ1975 ሰው ሁሉ ከጮኸላቸው በኋላ ነው በዓመት 20,000 ዶላር ጡረታ የተቆረጠላቸው፣ ስማቸውም ሱፐርማን ላይ ተመልሶ የተጻፈው። ስንት ቀሚስ ሰፍተሽ ስንቱ ሳይከፍልሽ እንደቀረ አውቃለሁ። ለዚህ ነው ይሄን ታሪክ ያልዘለልኩልሽ።

ከዚያ በኋላ ልብሱን ማየት ጀመርኩ። ሌላው ሰው ፊት ያያል፣ እኔ ስፌት። ብረት የሚመስለው ጥሩር ብረት አይደለም። የልጆች መጫወቻ ወለል ላይ የሚነጠፈው ወፍራም ፎም ነው። ይቆርጡታል፣ በሙቅ አየር እያለሰለሱ ያጎብጡታል፣ በማስቲሽ ያጣብቁታል፣ ከዚያ ቀለም ይቀቡታል። አንድ ልጅ የክንዱን ገልብጦ ከውስጥ አሳየኝ። ገበር አድርጎለታል። ቆዳውን እንዳይፍቀው ብሎ ለስላሳ ጨርቅ ዙሪያውን ዘምዝሞበታል። ስድስት ወር ነው የሠራሁት አለኝ። አንቺ ብታዪው ጠርዙን በጣትሽ ዳስሰሽ «እጁ ጥሩ ነው» ትይው ነበር።

እንዲህ ለብሶ ወደ ስብሰባ መምጣትን የጀመረውም የሴት እጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1939 ኒውዮርክ ውስጥ የሳይንስ ልብወለድ ወዳጆች የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ ጉባኤ ሲያደርጉ፣ ሁለት ሰዎች ብቻ የወደፊቱን ዘመን ልብስ ለብሰው መጡ። ፎረስት አከርማንና ሚርትል ዳግላስ። የሁለቱንም ልብስ የሰፋችው ሚርትል ናት። ለብዙ ዓመት ግን በስም የሚነሳው እሱ ነበር። አንቺም የሰፋሽውን ቀሚስ ሰው ሲያደንቅ የሚመሰገነው የለበሰችው ናት። እኔ ግን ከአሁን በኋላ ማን እንደሰፋው ሳልጠይቅ አላልፍም።

አሁን ወደ ቀይዋ ሴት ልምጣልሽ። የንጉሡን ጠባቂ ሴቶች ልብስ ነው የለበሰችው፣ የብላክ ፓንተር ፊልም ላይ ያሉትን። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2018 ሲወጣ እኛ ሐበሻ ቀሚስ ለብሰን ነበር ሲኒማ ቤት የገባነው። ያንን ሁሉ ልብስ የነደፈችው ሩት ካርተር የምትባል ሴት ናት። በ2019 ኦስካር ተሸልማበታለች። በልብስ ዘርፍ ይህን ሽልማት ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት እሷ ናት። ከየአገሩ ነው የወሰደችው፤ ከዙሉ፣ ከማሳይ፣ ከሌሶቶ። ከእኛም የሙርሲ አለ። አረንጓዴ ሱፍ የለበሰ ሽማግሌ ከንፈሩ ላይ ሸክላ አድርጎ ከንጉሡ ሸንጎ ተቀምጧል።

ይቺ ልጅ ግን ግድግዳ ተደግፋ መሬት ላይ ቁጭ ብላለች። ከብብቷ እስከ ወገቧ ስፌቱ ተተርትሯል። በመርፌ ቁልፍ ልትይዘው ትሞክራለች፣ የሚለጠጥ ጨርቅ ስለሆነ ይሸሻታል። ከሰዓት መድረክ ላይ ወጥታ ለውድድር መቅረብ አለባት። ፊቷን ሳይ እንዳላለቅስ ብላ ነው የታገለችው።

ቦሌ ስትሸኚኝ ኮቴ ኮሌታ ስር መርፌ የሰካሽልኝን ታስታውሻለሽ? ጥቁር ክር ጠቅልለሽበት። «ሰው አገር ቁልፍ ቢበጠስብሽ ማን ይሰፋልሻል?» ብለሽ። ኮት በቀየርኩ ቁጥር መርፌዋንም እያዛወርኩ እስከ ቅዳሜ ድረስ አብራኝ ነበረች። አወጣኋትና ልስፋልሽ ወይ አልኳት። ቀይ ክር የለኝም፣ ጥቁር ነው ስላት፣ ምንም ይሁን አለች።

ተንበረከኩ። እጄ ትንሽ ተንቀጥቅጧል፣ ከሰፋሁ ቆይቻለሁ። ከዚያ ያስተማርሽኝ ሁሉ እየመጣ ተደረደረ። የሚለጠጥ ጨርቅ ላይ ክሩን አትሳቢው፣ ላላ አድርጊው። አንድ ወደ ፊት፣ ግማሽ ወደ ኋላ። ክሩ ከውጭ እንዳይታይ ከእጥፋቱ ውስጥ እያነሳሽ ሂጂ። ሰውየው የለበሰው ላይ ስትሰፊ ክር አስነክሺው ትይ ነበርና እሷንም ክር አስነከስኳት። ለምን ብላ ስትስቅ፣ እናቴ እንዲህ ነው የምታደርገው አልኳት። ክሩን በጥርሷ እንደያዘች ሃያ ደቂቃ ያህል ሳትነቃነቅ ቆመችልኝ። ባልደረባዬ ፎቶውን ያነሳችው ያኔ ነው።

ስጨርስ እጇን ከፍ ዝቅ አደረገች፣ ጎንበስ ቀና አለች። ያዘ። አቀፈችኝና ፎሙ ጉንጬን ወጋኝ። ማሸነፍ አለማሸነፏን አላውቅም፣ ውድድሩ ከማለቁ በፊት ወጥተናል። ቀኑ ገና ረጅም ስለነበር ግን መርፌዋን ከተረፈው ክር ጋር እዚያው ሰጠኋት። አትቆጪኝም አይደል?

ስንወጣ እግራችን ዝሎ ነበር። ከአዳራሹ በ9ኛው ጎዳና ሃያ ደቂቃ ያህል በእግር ሽቅብ ስትሄጂ የሐበሻ ምግብ ቤቶቹን ታገኚያቸዋለሽ። ሁዳዴ ስለሆነ የጾም በያይነቱ አዘዝን። ባልደረባዬ ሽሮውን ወዳዋለች። ለወንድሜ ልጅ ደግሞ «ጀምበር» የሚባለውን ኮሚክ እየፈለግኩላት ነው። ጀግናው ኢትዮጵያዊ ነው፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም አለ። አንቺ ሥዕሉን እያየሽ እሷ ታነብልሻለች።

እማዬ፣ ባለፈው ስንደዋወል ክር በመርፌ ማስገባት አቅቶኝ የጎረቤት ልጅ እጠራለሁ ያልሽኝ ነገር ከልቤ አልወጣም። ቀልደሽ ነው ያለፍሽው፣ እኔ ግን ሌሊቱን አልተኛሁም። ሐኪሙ ሞራው በቀላሉ ይነሳል ብሎሻል። ከፋሲካ በኋላ እያልሽ ስንት ፋሲካ አለፈ። የዘንድሮው እንዳለፈ ወንድሜ ይወስድሻል፣ ተነጋግረናል። እስከዚያ ማታ በአምፖል አትስፊ። የሰው ቀሚስ ቢዘገይ ይዘግይ።

ይህን ደብዳቤ የምታደርስልሽ ሴት ከእኛ ቤተ ክርስቲያን ናት፣ ቡና አፍይላት። ፖስታው ውስጥ ትንሽ ፓኬት አለ። ለየት ያለ መርፌ ነው። አናቱ ላይ ስንጥቅ አለው። ክሩን ከላይ ጋደም አድርገሽ ጫን ስትይው ጠቅ ብሎ ራሱ ይገባል፣ ማየት አያስፈልግሽም፣ ጣትሽ ይበቃል። ዓይኔን ጨፍኜ ሞክሬዋለሁ።

ፓኬቱ ስድስት ነበር። አምስቱን ልኬልሻለሁ። አንዷን ጥቁር ክር አስገብቼ ኮቴ ኮሌታ ስር ሰክቻታለሁ።

ልጅሽ