ለደሴ ከተማ ከንቲባ ጽሕፈት ቤት፦ እንግዳችንን አንድ ቀን እናቆየው

ክቡር ከንቲባ፣

በቅድሚያ ሰላምታዬን በአክብሮት አቀርባለሁ።

ከአዲስ አበባ ተነስቶ ወደ ወልዲያና ላሊበላ የሚያልፍ መንገደኛ ማታ ደሴ ይገባል፣ እራቱን በልቶ ይተኛል፣ ጎህ ሲቀድ ይሄዳል። ሲገባ ጨለማ፣ ሲወጣ ጉም ስለሆነ የጦሳን ተራራ እንኳ በቅጡ አያየውም። ይህን ሰው አንድ ሙሉ ቀን ሊያቆየው የሚችል ሀብት በዙሪያችን እያለ ዝም ብሎ ማለፉ ያንገበግበኛል።

የሐይቅ ከተማ ከነሐይቁ በሰሜን በኩል 30 ኪሎ ሜትር ያህል ቢርቅ ነው። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአባ ኢየሱስ ሞዓ ጊዜ፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትን ሳይቀር ያስተማረ ታላቅ የትምህርት ቦታ ነበር። ያኔ ደሴት የነበረው ዛሬ ከየብስ ጋር ተያይዞ በእግር ይገባበታል። ወደ ወንዶቹ ገዳም ግን ሴቶች አይገቡም። ሥርዓቱ ይከበር፤ ነገር ግን እኅቶቻችን ይህን የሚሰሙት ደጁ ላይ ከደረሱ በኋላ መሆን የለበትም። ገና ደሴ ሳሉ ይነገራቸው፤ ሐይቁን ከዳር ሆነው የሚያዩበት፣ ከፍ ብሎ ወዳለው አርዲቦ ሐይቅም የሚሻገሩበት ጉዞ ይታቀድላቸው።

በዚያው መንገድ ቀጥሎ ውጫሌ አለ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል፣ በኋላም ለዓድዋ ጦርነት መነሻ የሆነው፣ ይስማ ንጉሥ በተባለው ቦታ ነው የተፈረመው። ዓድዋን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም፤ ውሉ የታሰረበትን ቦታ የረገጠው ግን ስንቱ ነው? ቦሩ ሜዳማ ከአፍንጫችን ሥር ነው። አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870 ዓ.ም. ታላቁን የሃይማኖት ጉባኤ ያደረጉበት ሜዳ በከተማ ታክሲ የሚደረስበት ርቀት ላይ ነው።

ወደ ደቡብ ደግሞ ሐረጎ የሚባለው ጠመዝማዛ ቁልቁለት አለ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች፣ መንገዱ ግን 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ጋቢ ደርቦ የተሳፈረ ሰው ጠመዝማዛውን ሲወርድ ጆሮው ይደፈናል፣ ጉሙ ከበላዩ ይቀራል፣ ኮምቦልቻ ሲገባ ጋቢውን አጣጥፎ ጭኑ ላይ አድርጎታል። እንዲህ ያለ መንገድ ራሱ ጉብኝት ነው። መኪና ከአስፋልቱ ወጥቶ በሰላም ቆሞ ቁልቁል የሚታይበት፣ አጥር ያለው ሥፍራ ይሠራለት። ሰኞ ከሆነ ጉዞው እስከ ባቲ ይቀጥል፤ አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራው የሚገናኝበት ገበያ የሚውለው ሰኞ ነው።

ችግሩ የት እንዳለ አውቃለሁ። ሐይቅ በተሁለደሬ፣ ውጫሌ በአምባሰል፣ ባቲ በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ሥር ናቸው፤ የከተማው አስተዳደር በነዚህ ላይ አያዝም። እንግዳው ግን የወረዳ ወሰን አያይም። የሚያድረው ደሴ ነው፤ መኪና የሚይዘውም፣ መረጃ የሚጠይቀውም እዚሁ ነው። ስለዚህ ወረዳዎቹንና ዞኖቹን ጠርቶ አንድ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ የሚያምርበት የእርስዎ ጽሕፈት ቤት ነው።

ከዚያ ጠረጴዛ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ነገር አልጠብቅም። ጸጥታው በፈቀደ ጊዜ ቅዳሜ ጠዋት ከፒያሳ ተነስቶ ሐይቅና ውጫሌ ደርሶ ማታ የሚመለስ፣ ታሪፉ የተለጠፈ አንድ አውቶብስ ይመደብ። ወደ ጦሳ የሚያወጣው የእግር መንገድ ምልክት ይደረግበት። ቦታዎቹን የሚያውቁ የሠፈር ወጣቶች በአስጎብኚነት ሠልጥነው መታወቂያ ይሰጣቸው።

መስከረም 21 ለግሸን ማርያም ክብረ በዓል የሚጓዘው ብዙ ሕዝብ በከተማችን ያልፋል። ከዚያ በፊት ቢያንስ አውቶብሱና ለእንግዳው መረጃ የሚሰጥበት አንድ ቦታ ተዘጋጅተው እንዲጠብቁት እለምናለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የደሴ ነዋሪ