ቲቪው ይቅርና ጓሮውን እናልማው

ውድ ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? እኛ ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ሙቀቱ ግን በርትቷል፤ ከጣና በኩል ነፋስ ባይመጣልን አንችለውም ነበር።

ለመጦሪያ ቤቱ ትልቅ ቲቪ ልግዛ ያልሽውን ለማኅበራችን ሰዎች ነገርኳቸው። ሁሉም መረቁሽ። እኔ ግን ሐሳብሽን ላስቀይርሽ ነው። ቲቪማ አላቸው። ከፊቱ ተደርድረው ቀኑን ሙሉ ያንቀላፋሉ፤ ከዚያ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ይላቸዋል። የሌላቸው ጓሮ ነው። ቦታው አለ፤ ድንጋይና አሮጌ ቆርቆሮ ተከምሮበት ነው እንጂ።

አጥሩ ጥግ ትንሽ ቡናና ጤና አዳም በቅሏል። የመርሳት በሽታ የያዛቸው፣ ማውራት የተዉ አንዲት እናት አሉ። ጤና አዳም ቀንጥሼ እጃቸው ላይ አኖርኩላቸው። አሹት፣ አሸተቱት። «ጀበናው የታለ?» አሉኝ። ከዚያማ ማን ያስቁማቸው! ቡናው እንዴት እንደሚቆላ ሲያዙኝ አረፈዱ። ዘጌ ያደጉ አንድ አባትም አሉ። ዘበኛው የቡናውን ሥር ሲቆፍር አይተው «ኧረ ፈጀኸው!» ብለው ከዘራቸውን ይዘው ብድግ አሉ። ሌላ ጊዜ ተነሱ ሲባሉ ስንት ልመና ነው! የዘጌ ሰው በቡና ጉዳይ ዝም አይልም መቼስ።

ይሄ የእኔ ወሬ ብቻ እንዳይመስልሽ። በ1976 እ.ኤ.አ. ኤለን ላንገርና ጁዲት ሮዲን የተባሉ ተመራማሪዎች አሜሪካ ውስጥ በአንድ መጦሪያ ቤት ላሉ አረጋውያን ተክል ሰጡ። ገሚሶቹ ተክሉን ራሳቸው እንዲንከባከቡ፣ ስለ ውሏቸውም ራሳቸው እንዲወስኑ ተነገራቸው። የሌሎቹን ነርሶች ያጠጡላቸው ነበር። ይበልጥ ነቃና ደስ ያላቸው የመጀመሪያዎቹ ሆኑ። ስለዚህ አትክልተኛ ቀጥረን አበባ ብናስደረድር ግማሽ ሥራ ነው። ውሃውን እነሱ ያጠጡ።

የጠዋት ፀሐይም ለአጥንት፣ ለሌሊት እንቅልፍም ይበጃል።

የአትክልቱን መደብ በብሎኬት ወደ 70 ሳንቲሜትር ከፍ እናድርገው፤ ማጎንበስ ይቀራል፣ ዊልቸር ላይ ያለውም ይደርስበታል። መንገዱ የማያንሸራትት፣ ዞሮ መነሻው ላይ የሚመለስ ይሁን። የሚረሱት መሄጃ ሲያጡ ይጨነቃሉ። በየጥቂት እርምጃው አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ሰፊ ጥላ። የውሃ በርሜሉ ክዳን ይኑረው፤ የእኛን አገር ወባ ታውቂዋለሽ። አጥሩ ሥር ያለው አስተናግር ይነቀላል፤ መርዝ ነው፣ አፋቸው ከከተቱት ጉድ ይፈላል። በሶብላ፣ ጠጅ ሳርና ጌሾ ከጎረቤት አላጣም።

ግንባታው ከሰኔ በፊት ካለቀ ዝናቡ ሲገባ እንተክላለን። ብሩን ለእኔ አትላኪው። በቤቱ ሒሳብ አስገቢና ደረሰኝ ተቀበዪ። ልጆቹን ሳሚልኝ።

እናትሽ
ባሕር ዳር